«ስዎት» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

ማርታ ዘሊድስ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። እንግሊዝ አገር ቆየት ያላችሁ አንድ ቃል ፍቱልኝማ።

ከጎናችን አንዲት እንግሊዛዊት አዛውንት ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ አጥራቸውን ግን አሁንም ራሳቸው ነው የሚከረክሙት። ዛሬ ልጄ መጽሐፍ በደረቷ ታቅፋ ስትገባ አዩዋትና ሳቅ ብለው «ይቺ እኮ የለየላት ስዎት ናት» አሉኝ። እኔም እንደገባው ሰው አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ጥናት የሚያበዛ ሰው፤ ለማናናቅ የሚነገር» ይላል። ሳቄ ቆጨኝ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ማንም ሳይነግራት ቁጭ ብላ የምታጠና ልጅ ናት። ታዲያ ሰድበውብኝ ነው ወይስ አሞግሰውልኝ? ደግሞስ ቃሉ ከየት መጣ? እኔ የማውቀው «ስዎት» ማኔጅመንት ስማር ያስተማሩኝን ያንን ባለ አራት ሳጥን ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል፣ ስጋት።

ናቲ_77 | ቅዳሜ፣ ማታ 2:14

ልጅሽን ስትራቴጂክ ፕላን ናት ብለውሽ ነው 😂

አዜብ በርሚንግሃም | ቅዳሜ፣ ማታ 2:31

ማርቲ፣ አይዞሽ፣ አትኮሳተሪ። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። ግስ ሲሆን ስድብ የለበትም። «ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ስዎት እያደረግኩ ነው» ቢልሽ ሰውየው ወጥሮ እያጠና ነው ማለት ነው፣ በቃ። ስም ሲሆን ነው የሚቆነጥጠው። ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ ሌላውን «ስዎት» ካለው ከመጽሐፍ ሌላ ሕይወት የለህም፣ የአስተማሪ ወዳጅ ነህ ማለቱ ነው። አሮጊት ጎረቤት እየሳቁ ሲሉት ግን «አቤት የሷስ ጥናት!» እንደማለት ነው። ፊታቸውን አይተሻል አይደል? መልሱ እዚያ ነው።

ከሰንጠረዡ ጋር ምንም አይገናኝም። ያ የአራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ተገጣጥሞ የወጣ የ20ኛው መቶ ዘመን የቢሮ ቋንቋ ነው። የጥናቱ ስዎት ቢያንስ በመቶ ዓመት ይቀድመዋል። ዝንብ የሚመቱበት «ስዋት» ደግሞ ሌላ ቃል ነው፣ ምንም እንኳ እነሱ ሲጠሩት አንድ ቢመስልም።

ሸዋዬ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:40

በአማርኛ «ሸምዳጅ» ማለት ነው። አለቀ።

አዜብ በርሚንግሃም | ቅዳሜ፣ ማታ 2:46

አላለቀም ሸዋዬ! ሸምዳጅ ሳይገባው በቃሉ የሚይዝ ነው። ስዎት ግን ሊገባውም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚገባው እሱ ነው። የሚቀለድበት ስላልገባው አይደለም። ስለሚለፋ ነው።

ቀለሜው | ቅዳሜ፣ ማታ 3:25

ይሄን ክር እየጠበቅኩ የኖርኩ ይመስለኛል። ስሜን እዩት 😊 የቃሉን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1849 መጨረሻ ለንደን ላይ «ኖትስ ኤንድ ኩዌሪስ» የተባለ መጽሔት መውጣት ጀመረ። ሥራው ምን መሰላችሁ? አንባቢ ጥያቄ ይልካል፣ ሌላው አንባቢ በሚቀጥለው እትም ይመልሳል። ብዙዎቹ በብዕር ስም ወይም በስማቸው መነሻ ፊደል ነበር የሚጽፉት። ልክ እንደኛ፤ ልዩነቱ መልስ ለማግኘት ፖስታ መጠበቁ ነው።

በ1850 አንድ ጠያቂ ብቅ አለና እንዲህ አለ። ወታደሮች ሲያወሩ ሒሳብን «ስዎት» ይሉታል፣ የሒሳብ ጎበዙንም «ጥሩ ስዎት» ይሉታል፤ ከወታደር አፍ በቀር ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም፤ ከየት የመጣ ነው? ልብ በሉ፣ ያኔ ቃሉ ጥናትን በሙሉ አልነበረም። ሒሳብን ብቻ ነበር።

መልሱን የላከው ቲ.ኤስ.ዲ. ብሎ የፈረመ ሰው ነው። ታሪኩን የሰማሁት ከሟቹ ቶማስ ሌይቦርን ነው ይላል። ሌይቦርን በንጉሣዊው የጦር ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። እዚያው ኮሌጅ ዊልያም ዋላስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መምህር ነበር፤ ራሰ በራ፣ የአገሩ ዘዬ ከአፉ የማይጠፋ። አንድ በጋ፣ ፀሐይ ስታቃጥል፣ ዋላስ ሲያስተምር ላብ አጠመቀው። መሐረቡን አወጣና መላጣውንና ግንባሩን ፈተግ ፈተግ አድርጎ በዘዬው «ያስልባል እኮ!» አለ። በእንግሊዝኛ ላብ «ስዌት» ነው፤ በሱ አፍ ግን «ስዎት» ሆኖ ወጣ። በቃ። ዕጩ መኮንኖቹ ከሰማይ እንደወረደ መና ተቀበሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ ስዎት፣ ሒሳበኛ ስዎት ሆኖ ቀረ።

እኔን ያሳቀኝ የደብዳቤው መጨረሻ ነው። ጸሐፊው እንዴት ጨዋ የጨዋ ልጅ ይሄን የመሰለ አስቀያሚ ቃል ወደ አፉ ያስገባል ብሎ ይገረማል። ላብ! ምን ዓይነት ነውር!

ናቲ_77 | ቅዳሜ፣ ማታ 3:31

ማለት ሒሳብ ሰውን የሚያስልበው ያኔም ነበር። የኔ ብቻ ችግር መስሎኝ።

ሙሴ ግላስጎ | ቅዳሜ፣ ማታ 4:02

ቀለሜው፣ ታሪኩ ጣፋጭ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለት ቦታ ላይ ያነክሳል።

አንደኛ፣ ደብዳቤው ቃሉ የተወለደው ሳንድኸርስት ኮሌጅ ነው ይላል፤ ነገሩ የሆነው ደግሞ «ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው» ነው ይላል። ከ1850 ወደ ኋላ ቁጠር። 1803 አካባቢ ትደርሳለህ። ዋላስ የተቀጠረው ልክ በ1803 ነው፤ ኮሌጁ ግን ያኔ ግሬት ማርሎ የምትባል ከተማ ነበር። ወደ ሳንድኸርስት የተዛወረው በ1812 ነው። ሁለተኛ፣ የፐርዝሻየር ዘዬ ነው የነበረው ይላል። ዋላስ ተወልዶ ያደገው ፋይፍ ውስጥ ዳይዛርት በምትባል ቦታ ነው። ፐርዝ አስተምሯል እንጂ የፐርዝ ልጅ አይደለም።

ታሪኩ ውሸት ነው አላልኩም። ለአርባ ምናምን ዓመት ከአፍ ወደ አፍ የዞረ ወሬ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ቦታው ይንሸራተታል፣ ዘዬው ይቀየራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆቹ ሁሉም የሚስማሙበት ግን አለ። ስዎት የ«ስዌት» የዘዬ መልክ ነው። ላብ ነው። ዋላስ ላበውም አላበውም።

ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ ላብ እንደ ስም ሲነገር «ስዋት» ነበር፣ አናባቢው ረዘም ብሎ። ግሱ «ስዌታን» ነበር። የዛሬው «ስዌት» አናባቢውን ያገኘው ከግሱ ነው። ስለዚህ አናባቢውን ወደ «አ» ወይም ወደ «ኦ» የሚወስድ ዘዬ ብትሰማ ብዙም አትደነቅ። በጥንታዊ ግጥማቸው ደግሞ ይኸው ቃል ደም ማለትም ነበር። ላብም ደምም በአንድ ቃል።

ቀለሜው | ቅዳሜ፣ ማታ 4:15

ተረታሁ። የማርሎውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም። አመሰግናለሁ።

ሙሴ ግላስጎ | ቅዳሜ፣ ማታ 4:38

ስለ ዋላስ ግን ልጨምር፤ ሰውየው መቀለጃ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የተወለደው በ1768 ነው። ኤድንብራ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተለማማጅ ነበር። ሒሳብን የተማረው በአብዛኛው በራሱ ነው፤ ቀን መጽሐፍ እየጠረዘ፣ በተረፈው ሰዓት እያነበበ። ከዚያ ፐርዝ መምህር ሆነ፣ ከዚያ ጦር ኮሌጁ፣ በ1819 ደግሞ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር። ሥዕልን አሳንሶ ወይም አተልቆ የሚገለብጥ ኤይዶግራፍ የሚባል መሣሪያ ፈልስፏል። በኋላ በሳይንስ ጸሐፊነቷ ዝነኛ ለሆነችው ለሜሪ ሶመርቪል በሒሳብ ጥናቷ አማካሪዋ እሱ ነበር። ያኔ ሴት ልጅ ሒሳብ ስትማር ዘመድ አዝማድ የሚቆጣበት ዘመን ነው።

ደግሞ አንድ ግፍ አለበት። በሦስት ማዕዘን ሦስት ጫፎች የሚያልፍ ክብ ሥሩ። ክቡ ላይ የፈለጋችሁትን ነጥብ ምረጡ። ከሱ ወደ ሦስቱ ጎኖች ቀጤ ነክ መስመር ጣሉ፤ ጎኑ ካልደረሰ አስረዝሙት። የሚያርፉባቸው ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ይሰለፋሉ። ይሄን አሳትሞ ያወጣው ዋላስ ነው፣ በ1799። የታተመው ደግሞ የላቡን ወሬ ያወራበት ያው ሌይቦርን ያዘጋጀው በነበረ የሒሳብ መጽሔት ላይ ነው! ዓለም ግን «የሲምሰን መስመር» ይለዋል። ሮበርት ሲምሰን ዋላስ በተወለደበት ዓመት የሞተ ሌላ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሥራዎቹ ውስጥ መስመሩ የለም። እንግዲህ ዋላስ መስመሩን ሲምሰን ወሰደበት፣ ለሱ የተረፈው ላቡ ነው።

ጋሽ ታደሰ | እሑድ፣ ጠዋት 3:05

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ማታ በጊዜ ስለምተኛ አመለጠኝ።

እኔ የምጨምረው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሳይንስ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። ያኔ ህንድ መምህር ያልገባበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። እኚህ ሰው ደብተራችንን ዘግተን እንደ ዳዊት ስናነበንብ ሲሰሙ «ማግ አፕ አታድርጉ!» ብለው ይጮኹ ነበር። እኛ የምናውቀው ማግ የሻይ ኩባያ ነው። ለሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ሻይ የሚጠጣ አለ ብለው የሚጠረጥሩ ይመስለኝ ነበር።

ለካ እሱም የእንግሊዞች የተማሪ ቃል ነው። እንግሊዝ አገር «ማግ አፕ» ቢሉሽ ለፈተና አጥና፣ አንድ ነገር ቶሎ ያዝ ማለት ነው። ህንድ ሲደርስ ወደ ሽምደዳ አዘነበለ። እና ሸዋዬ፣ ለ«ሸመደደ» ትክክለኛው ጓደኛ የህንዶቹ ማግ አፕ ነው እንጂ ስዎት አይደለም።

ሸዋዬ | እሑድ፣ ጠዋት 3:40

እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ተቀብያለሁ። ግን ለስዎት ማን አለን? «ቀለሜ»?

ቀለሜው | እሑድ፣ ጠዋት 4:10

ቀለሜ ይቀርበዋል ግን አይገጥመውም። ቀለሜ ውስጥ ላብ የለም፣ ቀለም ነው ያለው። «ቀለም ዘልቆታል» ከሚባለው ጋር ነው የሚሄደው። ጭንቅላቱን ነው የሚያየው። እኔ ቀለሜ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ መነጽሬን ሲጨምሩበት እንጂ። «ሰቃይ» ደግሞ ውጤቱን ነው የሚያየው፤ ሳያጠናም ከሰቀለ ሰቃይ ነው። ግቢ እያለን «ችከላ» የምንለው ነገር ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እንደ ችካል ተተክሎ መዋል። ለስዎት የምሰጠው እሱን ነው፤ «ቸካይ»። ልፋቱን ነውና የሚያየው።

ሰላም_ቶሮንቶ | እሑድ፣ ቀን 8:20

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በኛ ቋንቋ ላብ ክብር ነው። «በላቡ ያደረ» ስንል እያመሰገንን ነው። «ጥሮ ግሮ» ስንል ኮፍያችንን አንስተን ነው። እነሱ ጋ እንዴት ነው ላብ ስድብ የሆነው? በሰነፍ ይቀለዳል እንጂ በለፊ ይቀለዳል?

አዜብ በርሚንግሃም | እሑድ፣ ቀን 9:45

ሰላምዬ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀላጆች አስቢያቸው። ዕጩ መኮንኖች፣ ብዙዎቹ የባለጸጋ ልጆች። በዚያ ዘመን በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። በገንዘብ! ያ የቀረው በ1871 ነው። በማጥናት ማዕረግ የሚገኘው በመድፈኛና በመሐንዲስ ክፍል ነበር። አባትህ ማዕረጉን ሊገዛልህ ከሆነ ስለ ሦስት ማዕዘን ምን አስጨነቀህ? የሚያልበው፣ የሚገዛለት የሌለው ነው። እና ከፊታቸው የቆመው መምህር ማን ነው? መጽሐፍ ጠራዥ የነበረ፣ ዘዬው ያልለቀቀው ስኮትላንዳዊ። ቀልዱ በላቡ ላይ ብቻ አይመስለኝም።

ሀብታም ቤት ልፋት መታየት የለበትም። ማወቅ ነውር አይደለም፤ ለማወቅ ስትለፋ መታየት ነው ነውሩ። ኦክስፎርድ ውስጥ ቤሊየል የሚባል ኮሌጅ አለ። እዚያ የተማረው ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ የቤሊየል ልጆችን «ያለልፋት የበላይ መሆናቸውን በጸጥታ የሚያውቁ» ብሎ እንደገለጻቸው ይነገራል። ያለልፋት የምትለዋን ያዟት።

አሁን ወደ 2019 ኑ። ቦሪስ ጆንሰን፣ እሱም የቤሊየል ልጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ፓርላማውን ለሳምንታት ሊዘጋ ሲዘጋጅ በአንድ የመንግሥት ሰነድ ላይ በእጁ ማስታወሻ ይጽፋል። የመስከረሙን የፓርላማ ስብሰባ ያመጣው «ሴታሴቱ ስዎት ካሜሮን» ነው ይላል፤ እንደራሴዎች እንጀራቸውን ሠርተው እንደሚበሉ ለሕዝብ ለማሳየት ብሎ። ሰነዱ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ ያቺ ቃል ተደልዛ ነበር፣ በኋላ አፈትልካ ወጣች። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ኦክስፎርድን በአንደኛ ማዕረግ ነው የጨረሰው። ጆንሰን በሁለተኛ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

መጨረሻው ግን ያምራል። በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ መስከረም 24 ቀን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ11 ዳኞች ሙሉ ድምፅ መዝጋቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱን ያነበቡት ፕሬዚዳንቷ ሌዲ ሄል ነበሩ፤ ደረታቸው ላይ ትልቅ የሸረሪት ጌጥ አድርገው። በኋላ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ስብሰባ ላይ ተገኝተው ለ«ሴታሴት ስዎቶች» አጨብጭቡ አሉ። ቲሸርት ላይ ሁሉ ታተመ።

ናቲ_77 | እሑድ፣ ቀን 9:52

ቲሸርቱ ስንት ነው?

ሙሴ ግላስጎ | እሑድ፣ ማታ 1:15

አዜብ፣ በሙሉ አልስማማም። በእኩያ መቀለድ የሀብታም ልጅ ብቻ ጠባይ አይደለም። ግላስጎ ውስጥ ድሃ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ነው ያስተማርኩት፤ እዚያም እጁን አብዝቶ የሚያወጣ ልጅ አይወደድም። እዚያ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ «ልትለየን ነው ወይ» ነው። አንድ ቃል ከላይም ከታችም ሊሠራ ይችላል። የቃሉን ልደት ግን በደንብ ነው ያስረዳሽው።

ደግሞ ከስዎት በፊትም ቃል ነበራቸው። ኢተን የተባለው ትምህርት ቤት የሚተጋውን ልጅ «ሳፕ» ይሉት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ «ቦፊን» መጣ፤ የአየር ኃይሉ ሰዎች ራዳር የሚሠሩላቸውን ሳይንቲስቶች የሚጠሩበት ስም ነበር። ማዕረግ መግዛት ሲቀር ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ የሀብታም ልጆችም ፈተና መጣባቸውና «ክራመር» የሚባሉ ቤቶች ገነኑ። ክራም ማለት ጠቅጥቆ መሙላት ነው፤ ሻንጣ እንደሚሞላ። ቸርችል ሳንድኸርስት የገባው እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው፣ ያውም በሦስተኛ ሙከራው፣ በ1893።

ሔለን_ሜልቦርን | ሰኞ፣ ጠዋት 1:30

ከአውስትራሊያ ሰላም። እዚህ ቃሉ ሕጋዊ ሆኗል ማለት ይቻላል። ከፈተና በፊት ትምህርት የማይኖርበት ሳምንት «ስዎትቫክ» ይባላል፤ የስዎት ዕረፍት። ማንም አያፍርበትም። አስቂኙ ደግሞ፣ ልጆቹ ቃሉን ስለማያውቁት «ያለ መምህር የሚጠናበት ዕረፍት» የሚል ዓረፍተ ነገር መነሻ ፊደል ነው ብለው ይተነትኑልሻል። ፈረንጅ ያልገባውን ቃል ሁሉ ምህጻረ ቃል ያደርገዋል።

ማርታ ዘሊድስ | ሰኞ፣ ማታ 2:50

ወይ ጉድ፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ዩኒቨርሲቲ ከፈታችሁልኝ። ሁላችሁንም አነበብኩ። ለባለቤቴም የመሐረቡን ታሪክ ነግሬው እንባው እስኪወጣ ሳቀ።

ሁለት ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው የልጄ ነው። «ስዎት ብለው ሲጠሩሽ ይከፋሻል?» ብላት እንደ ጉድ አየችኝ። «እማ፣ ማን ነው ስዎት የሚለው? እሱ የአሮጊቶች ቃል ነው። እኛ የምንለው ኒክ ነው» አለችኝ። «አንቺንስ ኒክ ይሉሻል?» ስላት «አዎ፣ ግን የሚሉኝ የቤት ሥራ ሊገለብጡ ሲመጡ ነው» ብላ ክፍሏ ገባች።

ሁለተኛው የጎረቤቴ ነው። ትናንት ዳቦ ቆርሼ ወሰድኩላቸውና በድፍረት ጠየቅኳቸው። ደነገጡ። እኔን ስድብ የመሰለኝ አልመሰላቸውም። እሳቸውን ወንድሞቻቸው ስዎት እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። በ15 ዓመታቸው ትምህርት አቁመው ሥራ ገቡ፤ ወንድሞቻቸው ቀጠሉ። «ልጅሽን ሳያት ቀናሁ መሰለኝ» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ አሮጌ አትላስ አስቀምጠውላት ሄዱ። ኢትዮጵያ «አቢሲኒያ» ተብላ ነው ያለችበት።

ሸዋዬ | ሰኞ፣ ማታ 3:02

አትላሱን ፎቶ አንሽልን!

ናቲ_77 | ሰኞ፣ ማታ 5:20

ቆይ፣ ይሄ «ኒክ» ደግሞ ምንድን ነው?

ቀለሜው | ሰኞ፣ ማታ 5:24

ነርድና ጊክ የሚባሉት ሁለት የቸካይ ስሞች ተዳቅለው ነው ይባላል፤ የለንደን ልጆች ቃል ነው። አንተ ግን በዚህ ሰዓት አትተኛም?

ናቲ_77 | ሰኞ፣ ማታ 5:27

ነገ ጠዋት የሒሳብ መዝገብ ፈተና አለኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ላጠና ቁጭ እላለሁ፣ ይሄን ክር ከፍቼ ስለ ጥናት ሳነብ ይመሻል። አንድ ምዕራፍ አልነካሁም። ጋሼ፣ አሁን ምን ይሻለኛል?

ጋሽ ታደሰ | ሰኞ፣ ማታ 5:41

እንቅልፍ አጥቼ ነው የገባሁት። ነገ ጠዋት ከሆነማ ማግ አፕ አድርግ። እኔ አላየሁም።